ለወንድሜ የመሰከርሁት

ታላቅ ወንድሜ የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር የገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ ወደቡ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ያን ክረምት ስትከራከር የከረመችው ገደለ ወይስ አልገደለም በሚለው አልነበረም። ለምን ገደለ ይባል በሚለው ነበር። ክርክሩም ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ወንድሜ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነው። አባታችን እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለሞተ እኔንም ታናሻችንንም ያሳደገን፣ እናቴንም የጦረ እሱ ነው። ሚስት ሳያገባ የቀረው በእኛ ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ብሎት አያውቅም።

ታናሻችን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቀበሌው የተጠየቀውን ቁጥር መሙላት ነበረበትና ሊቀ መንበሩ የጎደለውን ከየቤቱ ልጅ እየጻፈ ዝርዝሩን ሞላ። ወንድሜ ቀበሌ ድረስ ሄዶ ለመነው።

"ዕድሜው አልደረሰም እኮ" አለው።

"ቁመቱ ደርሷል" አለው ሊቀ መንበሩ፤ በዚያው አለቀ።

በዓመቱ አንድ እግሩን ያጣ የሰፈራችን ልጅ ከሰሜን ተመለሰና ታናሻችን መውደቁን ነገረን። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ስላልነበረ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጥንም። ያልተነገረ ሞት ማልቀስ ወሬ መንዛት ይባል ነበር። እናቴ በር ዘግታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ወንድሜ አላለቀሰም። በማግሥቱ ሥራ ገባ።

ያ ነገር የሆነ ዕለት ወንድሜ ወደቡ ላይ የአንድ ጀልባ ሞተር ሲጠግን ነበር። ሊቀ መንበሩ ለስብሰባ ወደ ዘጌ ሊሻገር መጣ። አጠገባቸው ሌላ ሞተር ይጮህ ስለነበር የተባባሉትን የሰማ ሰው የለም፤ እኛም በኋላ ከወንድሜ አፍ ነው የሰማነው። "ልጁን የት አደረስኸው?" ብሎ ወንድሜ ጠየቀው። ሊቀ መንበሩም "ለአገሩ ወድቋል፤ ልትኮራ ሲገባህ እንደ ሴት ታለቃቅሳለህ?" አለው። ወንድሜ በእጁ ትልቅ መፍቻ ይዞ ነበር። ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ርእሰ መምህራችን በር ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ጠመኔውን እንደያዝሁ ወጣሁ።

"ወንድምሽ ሰው መትቷል" አሉኝ።

"ማንን?" አልሁ።

በትከሻዬ አሻግረው ወደ ክፍሉ ተመለከቱና የአንዲት ተማሪዬን ስም ጠሩ። ሦስተኛው መደዳ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ የሊቀ መንበሩ ልጅ። ደብተሯን ከድና፣ እርሳሷን በደብተሩ መካከል አድርጋ፣ እኔን አልፋ ወጣች። ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝ። ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ነበር።

*

ጠበቃችን ድሮ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እናቴን ስለሚያከብሯት ጉዳዩን ያዙልን። አንድ እሑድ ቤታቸው አስቀመጡን።

"እውነቱን ብንናገርስ?" አልኋቸው።

"እውነቱ ገመድ ነው ልጄ" አሉ። "ወንድሜን ለውትድርና አሳልፎ ቢሰጠው ገደልሁት ካለ፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚፈልገውን በእጁ ሰጠነው ማለት ነው። የአገር ጥሪ የተቃወመ፣ ዓመት ሙሉ ቂም የቋጠረ፣ የአብዮቱን ሰው በሥራ ላይ እንዳለ የገደለ ይባላል። ፍርዱ ሞት ነው።"

"አእምሮውን ስቶ ነው ቢባልስ?" አለች እናቴ። "ጠበል አመላልሸው ነበር ብዬ እምላለሁ።"

"ሐኪም ይጠየቃል እመቤት። መፍቻውን አስቀምጦ ፖሊስ ቁጭ ብሎ የጠበቀን ሰው እብድ ነው ብሎ የሚፈርም ሐኪም ከየት አመጣለሁ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የእኅት ነገር ግን ሕጉም ያውቀዋል፣ ዳኛም ያውቀዋል። ወንድምሽ ለፖሊስ የሰጠው ቃል 'መታሁት' የሚል ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አልተናገረም። ሊቀ መንበሩ ለአንድ ወረቀት ብሎ ቢሮው ጠርቶሽ፣ በር ዘግቶ ሊደፍርሽ ቢሞክር፣ አንቺም አምልጠሽ ያን ዕለት ጧት ለወንድምሽ ብትነግሪው፣ እሱም ደሙ ሳይበርድ ወደቡ ላይ ቢያገኘው... ይህ በድንገተኛ ቁጣ የተፈጸመ ግድያ ነው። ቅጣቱ ጥቂት ዓመት ነው።"

"ሰውዬው እኮ ነክቶኝ አያውቅም።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዛሬ ግን አልነካሁም ብሎ የሚከራከርሽ የለም።"

እናቴ ጉልበቴን ይዛ መሬት ላይ ተንበረከከች። አነሣኋትና "እሺ" አልሁ። ያን ዕለት እሺ ያልሁት ለእናቴ እንጂ ለነገሩ አልነበረም።

*

የመከላከያ ምስክሮች ዝርዝር ለፍርድ ቤቱ ሲገባ ስሜ ከምመሰክርበት ነገር ጋር የመጀመሪያው ላይ ነበር። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ያን ወረቀት አይተውት ይሆን፣ ወይስ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ይሆን አላውቅም። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ሰማ።

እውነተኛውን ምክንያት የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከስንት ቤት ልጅ ሄዷል፤ ታናሻችንም እንዴት እንደተወሰደ ሰፈሩ አይቷል። ግን ያን ጮክ ብሎ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ሰው ሊናገር በሚችለው ነገር ተከራከረ፤ በእኔ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬው ይቋረጣል። አንድ ቀን ግን ታሪክ የሚያስተምረው ባልደረባዬ አልደበቀኝም።

"እኔ ጠበቃው ልክ ናቸው ባይ ነኝ" አለ። "ነፍስ ከሁሉ ትበልጣለች።"

"የማንኛው ነፍስ?" አሉት ርእሰ መምህሩ። "የሞተውስ ነፍስ የለውም? ሰውን በመፍቻ ገድሎ ስሙን ደግሞ ሁለተኛ መግደል አለ?"

"ሞቶ የለም ወይ? ለሞተ ሰው ስም ምኑ ነው?"

"ልጅ አለችው" አሉ ርእሰ መምህሩ።

እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና አርም ነበር። አንዳቸውም "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላሉኝም።

በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዷ "ለወንድሟ ብላ ራሷን ታዋርዳለች፤ እኅት ማለት ይህች ናት" ትላለች። ሌላዋ "እንዲያው በባዶ ሜዳ ይባላል? አንድ ነገርማ ሳይኖር አይቀርም" ትላለች። ይህችኛዋ በጣም አቆሰለችኝ። ገና ምንም ሳልናገር ነገሩ ሆኗል ብላ ያመነች ሰው ነበረች ማለት ነው። ወደብ አካባቢ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹና ታንኳ ሠሪዎቹ ወንድሜን ስለሚወዱት ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ሽማግሌ አስልኮ የደም ካሳ ተከፍሎ ይታረቁ፣ ፍርድ ቤቱም እርቁን አይቶ ያቅልል ይሉ ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ጀልባ ሠሪ ቤታችን ድረስ መጥተው ለእናቴ "እኅቲቱን ከዚህ ነገር አውጧት እመ፤ ሴት ልጅ ከዚህ አትመለስም" አሏት። እናቴ "ልጄ ከመቃብርስ ይመለሳል ወይ?" አለቻቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበርም ጠራችኝ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል።

"ደርሶብሽ ከሆነ ለምን ለማኅበሩ አላመለከትሽም?" አለችኝ።

ዓይኔን ቀዩ ጨርቅ ላይ ተከልሁ።

"ካልደረሰብሽ ደግሞ የአብዮቱን ሰማዕት ስም ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ።" ከዚያ ድንገት ወደ በሩ አየችና በሹክሹክታ "የእኔም ልጅ አሥመራ ነው ያለው" አለችኝ። ወረቀቷን መገልበጥ ጀመረች። ተነሥቼ ወጣሁ።

የነፍስ አባቴ ዘንድም ሄጄ ነበር። "በሐሰት አትመስክር ተብሏል" አሉኝ። "ወንድሜ ይሙት አባ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ ይሙት አልልሽም" አሉኝ። እሳቸውም ከዚያ በላይ አልቻሉም።

ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አንድ መምህር ነበር። አላኮረፈኝም፣ አልሰደበኝምም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው አጠረ፣ ከዚያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

*

ይህ ሁሉ ሰው ሲከራከር ወንድሜን የጠየቀው አልነበረም። እኔም ብሆን "ሰውዬውን አታዋርዱት፣ እኔ ያደረግሁትን እኔ እችለዋለሁ" ይለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እንዲህ እንዲለኝ ፈልጌ ነው ወህኒ ቤት ስንቅ ይዤ የሄድሁ።

በሽቦው ማዶ ቆመ። ከስቶ ነበር። ወትሮ በዘይት የጠቆሩት ጣቶቹ ነጥተው ሳይ የሌላ ሰው እጅ መሰሉኝ።

"ጠበቃው ነግረውኛል" አለ።

"እና?"

ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

"መሞት አልፈልግም" አለኝ። "አላፍርሽም። ለታናሻችን ያላፈሰስሁትን እንባ ለራሴ አፈሰስሁ። በይልኝ። የፈለግሽውን አድርጊ፣ ብቻ በይልኝ።"

ያሳደገኝ ሰው ነው። እጄን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኬ ጣቶቹን ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ቢል ለውጥ አልነበረውም፤ ቢያንስ እንዲያ መሰለኝ።

ከችሎቱ አራት ቀን ቀድሞ ግን የሟቹ ሚስት ትምህርት ቤት መጣች። ልጆቹ ወጥተው ሰሌዳ እጠርግ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስላልመጣች ደብተሮቿ በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ።

"ደብተሯን ልወስድ ነው" አለች።

አውጥቼ ሰጠኋት። አልሄደችም። በልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ደብተሮቹን ጭኗ ላይ አደረገች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ባሌ ነክቶሽ ያውቃል?"

ለጠበቃው፣ ለእናቴ፣ ለወንድሜ የሰጠሁት ቃል አለ። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ነበር።

"አያውቅም እትዬ" አልኋት።

ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ወረደ። ያን ያህል ጊዜ ስትጠራጠር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

"እግዜር ይስጥሽ" አለች። "እንግዲያ አትበይው። ስለ ውትድርናው ዝርዝር የምትፈልጊውን በይ፤ ያን አድርጓል። እኔም ተው እያልሁት አድርጓል። ያላደረገውን ግን አትጨምሪበት። ልጅ አለችኝ።"

"ዝርዝሩን ካነሣሁ ወንድሜን ይገድሉታል።"

"አውቃለሁ" አለች። ተነሣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች፤ የምትለው ነገር የነበራት መሰለኝ። ደብተሮቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

*

ችሎቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ቦታ ያጡት በመስኮት ተንጠልጥለዋል። ማልሁ። ጠበቃው ጠየቁኝ፤ እኔም መለስሁ። ሊቀ መንበሩ ለአንድ ማስረጃ ቢሮው ጠራኝ አልሁ። በሩን ዘጋ አልሁ። ቀሚሴን ያዘ አልሁ። ጮኼ አመለጥሁ፣ ለሁለት ቀን ደብቄ በሦስተኛው ጧት ለወንድሜ ነገርሁት አልሁ። ቃሉን በቃሌ ይዤው ስለነበር አንድም አልሳትሁም። ተማሪ ሳለሁ እንዲያ ያጠናሁት ትምህርት አልነበረም።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነበር። "ይህ ሁሉ ከደረሰብሽ ለምን አላመለከትሽም?" አለኝ።

"ለማን?" አልሁት። "አቤት የሚባለውም ለእሱ ነበር እኮ።"

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ቃሌ ውስጥ እውነት የነበረችው ያች ብቻ ናት፤ ያዳነችንም እሷ ትመስለኛለች። በመካከለኛው ወንበር ያሉት ዳኛ ብዕራቸውን አስቀምጠው አተኩረው አዩኝ።

የሟቹ ሚስት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ተነሥታ "ለእኔ አይደለም ብላኛለች!" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንድትል ፈለግሁ። ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁላትና አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።

ወንድሜ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ውጭ እናቴ እልል አለች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ሰው ግን ከፍርዱ በኋላም አላባራም። ዳኞቹን ያታለልሁ ብልጥ ነኝ የሚል ነበር፤ የተደፈርሁ ምስኪን ነኝ የሚል ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚልም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠየቅሁና መራዊ ተመደብሁ። የሟቹ ሚስት ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ጎንደር ሄደች።

ወንድሜ በአመክሮ ሲፈታ መራዊ መጥቶ ከእኔ ጋር ጥቂት ተቀመጠ። የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ይውላል፤ ማታ እራት እንበላለን፤ ስለዚያ ነገር አናነሣም። እኔ ምስጋና አልፈለግሁም። ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ቢለኝ ደስ ባለኝ። አላለኝም። በኋላ እናቴን ሊጠብቅ ባሕር ዳር ተመለሰ።

*

ደርግ ሲወድቅ ሰው አፉ ተፈታ። ወንድሜን በመንገድ ላይ እያስቆሙ "ጀግና! የወንድምህን ደም የመለስህ!" ይሉት ጀመር። ሁሉም እውነተኛውን ምክንያት እንደሚያውቅ ያን ጊዜ አደባባይ ወጣ። እንግዲያ የእኔ ቃል ውሸት መሆኑም አብሮ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። "ልጁን ለጦር ሰጠ፣ እኅቲቱን ሊደፍር ሞከረ፤ ደርጎች እንዲህ ነበሩ" ተባለ። የእኔ ውሸት ከእውነቱ ጋር ተጋግሮ አንድ ሆነ። መንግሥት ተለውጦም ሰውዬው ከዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ከተዘጋው በር ኋላ አልወጣም።

ይህን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲያ ከከረምሁ በኋላ ጠይቄ የሚስቱንና የልጁን አድራሻ አገኘሁ። ጎንደር ለመሄድ ተነሣሁ። ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወርጄ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ መኪና ፊት ለፊቴ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል። ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ተመልሼ ገባሁ።

እናቲቱ ሞታ ደረስሁ። ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች። ነጭ ጋዋን ለብሳ ከበሩ ላይ ስታየኝ ወዲያው ዐወቀችኝ።

"ቲቸር" አለችኝ።

በግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የመጣሁበትን ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጆቿን እያየች "አውቃለሁ" አለች። "እማዬ ነግራኛለች። 'መምህርሽ ራሷ አይደለም ብላኛለች' ትለኝ ነበር፤ ትንሽ ሳለሁ፣ ልጆች ሲሰድቡኝ።"

"ታዲያ ችሎት ላይ ለምን ዝም አለች?"

"ጠይቄያት ነበር። 'ብናገር ያን ልጅ ይሰቅሉታል፤ እናቱን ሁለተኛ ማስለቀስ አልችልም' ብላኛለች።" ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ግን እሷን አይደለሁም ቲቸር። እኔ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።"

ይቅርታ ጠየቅኋት። አልተቀበለችኝም፤ አላባረረችኝምም።

"እርስዎ ያሉት በችሎት ነው፤ በሕዝብ ፊት" አለች። "አሁን በዚህ አግዳሚ ላይ፣ ለእኔ ለብቻዬ ሊመልሱት ነው? ለእኔማ እናቴ ነግራኛለች። ለማያውቁት ይንገሩ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"መምህር አይደሉም? ይጻፉት።" ተነሥታ ጋዋኗን አራገፈች። "ስም አይጥሩ፤ እኔ ልጆች አሉኝ። ግን የአባቴን የውትድርና ዝርዝርም አይደብቁ። እሱንም አድርጓል።"

በሽተኞች ይጠብቋት ነበርና ገባች።

ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች አልደፈርሁም። እሷ ካረፈች በኋላ ባሕር ዳር ሄጄ ለወንድሜ ነገርሁት። አርጅቷል፤ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ተቆጥቶ ይከለክለኛል ብዬ ነበር።

"ጻፊው" አለኝ። ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ "እኔ ግን የኖርሁት በዚያ ቃልሽ ነው" አለ።

አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አብረን ሞቅን።